ሶዲየም ቦሮሃይድራይድን በአግባቡ መጠቀም፦ ከቢጫው ፍሎረኖን ነጩን ፍሎረኖል ደረጃ በደረጃ

ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ላብ ውስጥ ኬቶን ወይም አልዲሃይድ (ካርቦን ከኦክስጅን ጋር በድርብ ቦንድ የተያያዘባቸው ውሁዶች) ወደ አልኮል መለወጥ ካለበት፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚነሣው የሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ጠርሙስ ነው። ነጭ ዱቄት ነው። በተራ ሚዛን ይመዘናል። ሜታኖል ውስጥ ይሠራል። ደረቅ ኤተር አይፈልግም፣ የናይትሮጂን መስመርም አይፈልግም። ዘመዱ ሊቲየም አልሙኒየም ሃይድራይድ ውሃ ሲነካው እሳት ሊያስነሣ ይችላል፤ ይሄኛው ግን ውሃ ውስጥ ገብቶም ለተወሰነ ጊዜ ይቆያል።

ይህ ገርነቱ ሰውን ያዘናጋል። ተማሪው ዱቄቱን ይጨምራል፣ አረፋው ይነሣል፣ «በቃ ሠራ!» ይላል። አረፋው ግን ሥራው አይደለም። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙልኝ፦ አረፋው የባከነ ሬጀንት (ለውጡን የሚያመጣው ኬሚካል፣ እዚህ ቦሮሃይድራይዱ) ነው። የሪአክሽኑን አካሄድ በሌላ ነገር ነው የምንከታተለው።

ለዚህም ነው ለመለማመጃ 9-ፍሎረኖንን የመረጥኩት። ፍሎረኖን ደማቅ ቢጫ ነው። ከእሱ የሚገኘው ፍሎረኖል ነጭ ነው። ሪአክሽኑ የት እንደደረሰ በዓይን ይታያል። በዚያ ላይ ምርቱ ውሃ ውስጥ ስለማይሟሟ ራሱ ይዘቅጣል፤ በኤተር ወይም በዳይክሎሮሜቴን አሟሙቶ ለይቶ ማውጣት አያስፈልግም። ሶልቨንት (ማሟሚያ ፈሳሽ) እንደልብ በማይገኝበት ላብ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሥራው የሚሠራው ፊውም ሁድ፣ ማለትም ጋዝ ስቦ የሚያስወጣ ሳጥን፣ እና ኃላፊ ባለበት ላብ ነው። ቤት ውስጥ አይሞከርም።

ፍላስኩ ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ቦሮሃይድራይድ ላይ አንድ ቦሮን በአራት ሃይድሮጂን ተከቧል፤ አጠቃላዩ ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው። እነዚህ ሃይድሮጂኖች ኤሌክትሮን ይዘው የመሄድ ባሕርይ ስላላቸው ሃይድራይድ እንላቸዋለን። የኬቶኑ ካርቦን ደግሞ ኦክስጅኑ ኤሌክትሮኑን ስለሚስብበት ይጎድለዋል። ሃይድራይዱ ሁለት ኤሌክትሮን ይዞ ወደ ካርቦኑ ይሻገራል። ኦክስጅኑ ለጊዜው ከቦሮን ጋር ይያያዝና በኋላ ውሃ ወይም ቀጭን አሲድ ሲያገኝ ተላቆ አልኮል ይሆናል።

አራት ሃይድራይድ ስላለው በወረቀት ላይ 1 ሞል (የሞለኪውል ብዛት መለኪያ) ቦሮሃይድራይድ ለ4 ሞል ኬቶን ይበቃል። በተግባር ግን ሃይድራይዱ የሚያገኘው ኬቶኑን ብቻ አይደለም። ሜታኖሉም ውሃውም ፕሮቶን አላቸው። ሃይድራይድና ፕሮቶን ሲገናኙ ሃይድሮጂን ጋዝ ይሆኑና ይወጣሉ። አረፋው ይሄ ነው። የወጣው ጋዝ ተመልሶ ኬቶኑን አይነካውም።

የሬጀንቱ ታሪክ ራሱ እነዚህን ሁለት መንገዶች ያሳያል። ኸርማን ሽሌሲንገርና ኸርበርት ብራውን ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የዩራኒየም ቦሮሃይድራይድ ላይ ሲሠሩ ነው ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ የተገኘው። ለዩራኒየሙ ሥራ ሳይፈለግ ቀረ። የአሜሪካ ጦር የመገናኛ ክፍል የሆነው ሲግናል ኮር ግን ሜዳ ላይ ሃይድሮጂን የሚያመነጭ ነገር ይፈልግ ስለነበር ምርምሩ ቀጠለ። እነሱ የፈለጉት አረፋውን ነበር። ተመራማሪዎቹ ዱቄቱን የሚያጠሩበት ሶልቨንት ሲፈልጉ አሴቶን ሞከሩ። አሴቶኑ ዝም ብሎ አላሟሟውም፤ ከእሱ ጋር በኃይል ተዋሐደ፣ መጨረሻውም አይሶፕሮፓኖል ሆነ። ኬቶን ወደ አልኮል ማለት ነው። ጦርነቱ ያስከተለው ምስጢራዊነት ተነሥቶ ሥራው በ1953 ታተመ። ብራውን በቦሮን ውሁዶች ላይ ባደረገው ምርምር በ1979 ከጌኦርግ ቪቲግ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ያ አሴቶን ወደ መጨረሻ ላይ ይጠቅመናል።

መጀመሪያ ጠርሙሱን መርምሩ

የሚሠራ ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ነጭና ልቅ ዱቄት ነው፣ ወይም በትንንሽ እንክብል መልክ ይመጣል። እርጥበት የበላው ይጓጎላል፣ ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። ትንሽ ስለተጓጎለ ብቻ አይጣልም፤ ይፈተናል።

ፈተናው ቀላል ነው። ፊውም ሁድ ውስጥ ሁለት ሚሊ ሊትር ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ 1 ሞላር (በሊትር 1 ሞል) አካባቢ፣ በክፍት የሙከራ ቱቦ አድርጉ። በስፓቹላ ጫፍ የተያዘች ቅንጣት ጣሉበት። ወዲያው በኃይል ከፈላ ሬጀንቱ ሕያው ነው። ዝም ካለ ወይም አንድ ሁለት አረፋ ብቻ ካሳየ ሌላ ጠርሙስ ፈልጉ። እዚህ ላይ አረፋውን የምንፈልገው ስንት ሃይድራይድ እንደቀረ ስለሚነግረን ነው።

ስለ አደጋው በግልጽ ልናገር። ዱቄቱ ከተዋጠ መርዝ ነው፣ ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላል። 1 ግራሙ ሙሉ በሙሉ ሲበሰብስ በባሕር ጠለል ግፊት 2.5 ሊትር ያህል ሃይድሮጂን ይሰጣል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ያው ጋዝ ከ3 ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ሦስት ነገሮች በፍጹም አይደረጉም። ፍላስኩ በቡሽ አይታፈንም። አጠገቡ እሳት፣ ቡንሰን በርነርም ሆነ ክብሪት፣ አይኖርም። ደረቁ ዱቄት ላይ የተጠናከረ አሲድ አይፈስስበትም። ዱቄቱ እሳት ከያዘ ውሃ አይረጭም፤ ደረቅ አሸዋ ወይም ለዚህ የተዘጋጀ ደረቅ የማጥፊያ ዱቄት ነው የሚደፋበት።

አንድ ሌላ ነገር፣ ብዙ ሰው ልብ የማይለው። ዲኤምኤፍ የሚባለው ሶልቨንት ቦሮሃይድራይድን በደንብ ስለሚያሟሟ ያጓጓል። ሁለቱ አብረው ሲቆዩና ሲሞቁ ግን ከቁጥጥር ውጪ ሊፈነዱ ይችላሉ። አትቀላቅሏቸው።

የሚያስፈልገው

9-ፍሎረኖን 0.90 ግራም፣ ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ 0.15 ግራም፣ ሜታኖል 20 ሚሊ ሊትር ለሪአክሽኑ፣ ትንሽ ደግሞ ለማጥሪያ። አሴቶን 1 ሚሊ ሊትር። 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ። የተጣራ ውሃና በረዶ። ከዕቃ 100 ሚሊ ሊትር ኧርለንማየር ፍላስክ፣ ማግኔቲክ ስተረር፣ ቡክነር ፈነል ከነፓምፑ፣ የፒኤች ወረቀት፣ የቲኤልሲ (ውሁዶችን በስስ የሲሊካ ሽፋን ላይ የሚለይ ዘዴ) ፕሌት። ጋውን፣ የላብ መነጽርና ጓንት ለድርድር አይቀርቡም።

ሒሳቡን እዩት። የፍሎረኖን ሞላር ክብደት 180.2 ስለሆነ 0.90 ግራም 5 ሚሊሞል ነው። በወረቀት ላይ የሚበቃው ቦሮሃይድራይድ 1.25 ሚሊሞል፣ ማለትም 0.05 ግራም ገደማ ነው። የቦሮሃይድራይድ ሞላር ክብደት 37.8 ነውና 0.15 ግራም 4 ሚሊሞል ይሆናል። ከሚበቃው ሦስት እጥፍ ያህል ወስደናል ማለት ነው። ትርፉ ሜታኖሉ ለሚበላው ነው። ከዚህ በላይ መጨመር ሪአክሽኑን አያሻሽልም፤ አረፋውንና በኋላ የምትገድሉትን ትርፍ ብቻ ያበዛል።

ደረጃ 1፦ ፍሎረኖኑን ማሟሟት

ፍሎረኖኑን ፍላስኩ ውስጥ አድርጉ፣ ሜታኖሉን ጨምሩ፣ በሆት ፕሌት በጥቂቱ አሙቁ። መፍላት የለበትም። ሜታኖል በባሕር ጠለል 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ግን 58 አካባቢ ላይ ስለሚጀምር መጽሐፍ ላይ ያያችሁትን ቁጥር አትመኑ። ሙሙቱ ሲጠራ እንደ አደይ አበባ የደመቀ ቢጫ ይሆናል። ወደ ክፍል ሙቀት መልሱትና ፍላስኩን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳህን ውስጥ አስቀምጡት። በረዶ ውስጥ ብትከቱት ፍሎረኖኑ ተመልሶ ሊዘቅጥ ስለሚችል ቀዝቃዛ ውሃ ይበቃል። ማማሰያውን አስጀምሩ።

ቦሮሃይድራይዱን ከመጨመራችሁ በፊት ከዚህ ቢጫ ሙሙት አንድ ጠብታ በትንሽ ቱቦ አስቀሩ። ለማነጻጸሪያ ይፈለጋል።

ደረጃ 2፦ ቦሮሃይድራይዱን መጨመር

የሥራው ልብ ይሄ ነው፤ አትቸኩሉ። ዱቄቱን የመዘናችሁት ልትጨምሩት ስትሉ ይሁን። ቀድማችሁ መዝናችሁ ጠረጴዛ ላይ ብትተዉት እርጥበት ይስባል። በሜታኖል አሟሙታችሁ ለማፍሰስም አታስቡ፤ እዚያው ቱቦው ውስጥ ማለቅ ይጀምራል። ደረቁን በአራት ወይም በአምስት ከፍላችሁ፣ በስፓቹላ፣ በየሁለት ደቂቃው ጨምሩ።

የመጀመሪያው ድርሻ እንደገባ አረፋ ይነሣል፣ ፍላስኩም ትንሽ ሞቅ ይላል። አሁን ዓይናችሁን ከአረፋው አንሡና ቀለሙን ተመልከቱ። ከፍላስኩ ጀርባ ነጭ ወረቀት ብታስቀምጡ ለውጡ ይጎላል። ዱቄቱ በወደቀበት ዙሪያ ቢጫው መጀመሪያ ይገረጣል፣ ማማሰያው መልሶ ያደባልቀዋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ድርሻ ሲገባ ጠቅላላው ወደ ገለባ ቀለም ይወርዳል። ቀስ እያለ ደብዝዞ መጨረሻ ላይ ውሃ ይመስላል። አረፋው በዚህ ሰዓት ገና ሊቀጥል ይችላል። የሚቀጥለው ትርፉ ሬጀንት ከሜታኖሉ ጋር ስለሆነ ነው። ኬቶኑ አልቋል።

ተቃራኒውም ይደርሳል። አረፋው ሲበርድ ቢጫው ግን አለ። ያኔ ሬጀንቱ ከሥራው በፊት ሜታኖሉ ላይ አልቋል ማለት ነው። አረፋው ስለቆመ «ጨረሰ» ብሎ ውሃ የሚጨምር ሰው ያልተለወጠ ፍሎረኖን ይዞ ይወጣል። 0.05 ግራም አዲስ ዱቄት ጨምሩና አሥር ደቂቃ ጠብቁ።

ሁሉም ከገባ በኋላ በክፍል ሙቀት 20 ደቂቃ ያህል ይማሰል።

ደረጃ 3፦ በቲኤልሲ ማረጋገጥ

ዓይን ጥሩ ነው፣ ግን በጣም ትንሽ ቢጫ ያመልጠዋል። ሲሊካ ፕሌት ላይ ሦስት ነጥብ አድርጉ፦ ያስቀራችሁት ፍሎረኖን፣ ሪአክሽኑ፣ መካከል ላይ ደግሞ ሁለቱ ተደርበው። ሄክሴን ከኤቲል አሴቴት 4 ለ 1 ይሠራል። ፍሎረኖን ከፍ ብሎ ይወጣል። ፍሎረኖል ኦኤች (የአልኮል ኦክስጅንና ሃይድሮጂን) ስላለው ሲሊካው ይይዘዋል፣ ዝቅ ይላል። በ254 ናኖሜትር ዩቪ መብራት ሁለቱም ይታያሉ። በሪአክሽኑ መስመር ላይኛው ነጥብ ከጠፋ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ደረጃ 4፦ ትርፉን መግደል

ብዙ ላብ ውስጥ በቀጥታ አሲድ ያፈስሱበታል። እኔ አልመክርም። ያለው ትርፍ ሁሉ በአንዴ ጋዝ ይሆንና ሙሙቱ ገንፍሎ ከፍላስኩ ይወጣል፤ ምርታችሁም አብሮ ጠረጴዛ ላይ ነው። መጀመሪያ 1 ሚሊ ሊትር አሴቶን ጨምሩና አምስት ደቂቃ ይማሰል። አሴቶን ኬቶን ስለሆነ ትርፉን ሃይድራይድ ይበላና አይሶፕሮፓኖል ይሆናል። ሃይድራይዱ በጋዝ መልክ አይወጣም፣ ወደ ካርቦን ይሄዳል። ሽሌሲንገርና ብራውን ሳያስቡት ያገኙትን ያንኑ ሪአክሽን ነው እዚህ የምንጠቀምበት።

ከዚያ ፍላስኩን በረዶ ውስጥ አድርጋችሁ 20 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ነጩ ፍሎረኖል እዚህ ላይ መዝቀጥ ይጀምራል። ቀጥሎ 1 ሞላር አሲዱን በጠብታ፣ እያማሰላችሁ። አንድ ጠብታ፣ አረፋው ይረጋ፣ ሌላ ጠብታ። የፒኤች ወረቀቱ 6 ወይም 7 ሲያሳይ አቁሙ። አሲዱ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ የቀረ ሃይድራይድ ካለ ይጨርሰዋል፣ ከቦሮን ጋር የተያያዘውን አልኮልም ያላቅቃል። ከዚህ በላይ አሲድ ማብዛት አይጠቅምም፤ ፍሎረኖል ጠንካራ አሲድ አይወድም።

ደረጃ 5፦ ማጥለልና ማጥራት

በረዶ ውስጥ 15 ደቂቃ ይቆይ። በቡክነር ፈነል አጥሉት፣ በቀዝቃዛ ውሃ ሁለት ጊዜ እጠቡት። መታጠቡ የሶዲየምና የቦሬት ጨዎችን ያወጣል። ፓምፑ እየሳበ አሥር ደቂቃ ተዉት።

ለማጥራት፣ ደረቅ ያለውን ምርት በተቻለ መጠን ትንሽ በሆነ ትኩስ ሜታኖል አሟሙት። ትኩስ ውሃ በጠብታ ጨምሩ። ጉም የመሰለ ነገር ታይቶ ሳይጠፋ ሲቀር ውሃውን አቁሙና ጥቂት ጠብታ ሜታኖል መልሱ፤ ይጠራል። ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ። ጠረጴዛ ላይ በራሱ ይቀዝቅዝ፣ በረዶ የሚገባው በመጨረሻ ነው። ቶሎ የቀዘቀዘ ክሪስታል ቆሻሻውን ይዞ ይዘቅጣል። አጥላችሁ በደንብ አድርቁ።

ምርቱ ትክክል መሆኑን በምን እናውቃለን?

ቀለሙ ነጭ መሆን አለበት። የመቅለጫ ነጥቡ ከ152 እስከ 155 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የመነሻው ፍሎረኖን 83 አካባቢ ስለሚቀልጥ ሁለቱን ማምታታት አይቻልም። ምርታችሁ 140ዎቹ ውስጥ ሰፋ ባለ ልዩነት ከቀለጠ ብዙ ጊዜ እርጥብ ነው፤ አድርቃችሁ ድገሙት። የኢንፍራሬድ መሣሪያ ካላችሁ 1710 cm⁻¹ አካባቢ ያለው የካርቦኒል (የኬቶኑ ካርቦንና ኦክስጅን) ምልክት ጠፍቶ 3300 cm⁻¹ አካባቢ ሰፊው የኦኤች ምልክት ይወጣል።

በወረቀት ላይ የሚጠበቀው ሙሉ ምርት 0.91 ግራም ነው። ለምሳሌ ደርቆ 0.77 ግራም ከተመዘነ 85 በመቶ ማለት ነው፤ ጥሩ ነው። ከ100 በመቶ በላይ ካገኛችሁ ውሃ ወይም ጨው መዝናችኋል።

ቢጫነት ካልለቀቀ የቲኤልሲ ፕሌቱን መልሳችሁ እዩ። ላይኛው ነጥብ ደብዝዞ ካለ አንድ ጊዜ ደግሞ ማጥራት ይበቃል። ደምቆ ካለ ግን ሪአክሽኑ ሳያልቅ ነው የቆመው። ማጥራት አያድነውም፣ ምርቱን ወደ ሜታኖል መልሳችሁ አዲስ ሬጀንት ስጡት።

ወደ ሌሎች ውሁዶች ስትሄዱ

ቀለም ያላቸው ኬቶኖች ጥቂት ናቸው፤ ስለዚህ ሌላ ቦታ ዓይናችሁ የሚሆነው ቲኤልሲ ነው። ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ በእነዚህ ሁኔታዎች አልዲሃይድንና ኬቶንን ይለውጣል። ኤስተር፣ አማይድ፣ ካርቦክሲሊክ አሲድ፣ ናይትሮ፣ ተራ ድርብ ቦንድ በአብዛኛው ሳይነኩ ይቀራሉ። በአንድ ሞለኪውል ላይ ኬቶንም ኤስተርም ካለ ኬቶኑን ብቻ ለመለወጥ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ኤስተሩም ይለወጥ ካላችሁ ሊቲየም ቦሮሃይድራይድ፣ ካርቦክሲሊክ አሲድ ከሆነ ደግሞ ቦሬን በቲኤችኤፍ (ሌላ ሶልቨንት) ይሻላል።

ኬቶኑ አጠገብ ድርብ ቦንድ ካለ፣ ለምሳሌ ሳይክሎሄክሴኖን ላይ፣ ሃይድራይዱ የተሳሳተ ቦታ ሊገባ ይችላል። መፍትሔው ሴሪየም ክሎራይድ መጨመር ነው፤ ዣን-ሉዊ ሉሽ በ1978 ያቀረበው ዘዴ ነው። ድርብ ቦንዱ ይቀራል፣ ኬቶኑ ብቻ አልኮል ይሆናል።

ሶልቨንት መቀየርም ይቻላል። ሜታኖል ፈጣን ነው፣ ሬጀንቱንም ፈጥኖ ይበላል። ኤታኖል ረጋ ያለ ነው። አይሶፕሮፓኖል በጣም ዝግ ያለ። ለዘገምተኛ ኬቶን ኤታኖልን እመርጣለሁ። ውሃ ውስጥ መሥራት ካለባችሁ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጨምሩ፤ ቤዝ ባለበት ፕሮቶኑ ስለሚያንስ ቦሮሃይድራይድ ዕድሜው ይረዝማል። ቫኒሊን ላይ ይህ በደንብ ይሠራል።

ሶዲየም ሳያኖቦሮሃይድራይድ የሚባለውን ግን ለመለማመጃ አትንኩት። አሲድ ሲያገኝ ሃይድሮጂን ሳያናይድ ሊያወጣ ይችላል። አሚን ለመሥራት ከፈለጋችሁ ትራይአሴቶክሲቦሮሃይድራይድ የተሻለ ምርጫ ነው።

የተረፈው

ከማጥለያው የወጣውን ፈሳሽ ወደ ቆሻሻ ጠርሙስ ከማፍሰሳችሁ በፊት አንድ ጠብታ አሲድ ጣሉበት። አረፋ ካወጣ ገና አልሞተም፤ አሴቶንና ቀጭን አሲድ ጨምራችሁ ክፍት አድርጋችሁ ተዉት። ሕያው ቦሮሃይድራይድ ያለበት ቆሻሻ ጠርሙስ ከተከደነ ግፊት ያጠራቅማል፣ ማታ ሰው በሌለበት ሊፈነዳ ይችላል። ሲረጋ ሜታኖል ያለበት ስለሆነ ከሃሎጅን ነፃ ወደሆነው የሶልቨንት ቆሻሻ ይገባል።

ስፓቹላውንና የመመዘኛውን ወረቀት ብዙ ውሃ ባለበት ቢከር ውስጥ፣ ፊውም ሁድ ሥር፣ አለቅልቁ። ዱቄት የነካ ወረቀት ደረቁን ቅርጫት ውስጥ አይጣልም። የሬጀንቱን ጠርሙስ አጥብቃችሁ ዝጉና ደሲኬተር (እርጥበት የማያስገባ ዕቃ) ውስጥ መልሱት፤ ከአሲድ መደርደሪያ የራቀ ይሁን። የተከፈተበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ተማሪ ያንን ቀን ዓይቶ የአሲድ ፈተናውን መቼ መድገም እንዳለበት ያውቃል።